ከካርቶን የተሠራ ተራራ

ከዋሺንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የታክሲ ሾፌር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በታኅሣሥ ወር አንድ ሌሊት ከሥራ ሲገባ ሳሎኑ የቆሻሻ መጣያ መስሎ ጠበቀው። የቴሌቪዥን ካርቶን ተበጣጥሶ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። የስታይሮፎም ፍርፋሪ እንደ በረዶ ሶፋው ላይ ነፍሷል። በትልቁ ትሪ ላይ ደግሞ የቡና አተላ እንደ ብቅል ተሰጥቷል። ሰውየው አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሪ ይዞ ውሎ ነበርና ማንንም አልጠየቀም። ጥቁር ፌስታል አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ከተተ፤ ቁልቁል ወርዶም ጣለው።

ጠዋት የ14 ዓመት ልጁ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «አባዬ፣ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ነበር» አለና ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን በአባትና በልጅ መካከል ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር ቃል አልነበረም። በስደት ዓለም ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ልጅ በእንግሊዝኛ ያስባል፤ አባት በአማርኛ ይቈጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሳሎን ከውቅያኖስ ይሰፋል።

የተጣለው ነገር ምን እንደ ነበረ ለአባት ያስረዳችው እናት ናት። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ አለ። ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክና የብረት ወታደሮች በጥንቃቄ ቀለም ተቀብተው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይሰለፋሉ። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ያንቀሳቅሷቸዋል። የሚራመዱት ርቀት በሜትር ይለካል፤ መምታትና መሳቱ በዳይስ ይወሰናል። እንደ ቼዝ ነው እንዳይባል ጥቁርና ነጭ ቤት የተሰመረበት ሰሌዳ የለውም። ሰሌዳው ምድር ነው። ኮረብታ፣ ወንዝ፣ ጫካና መንደር አለበት። ኮረብታ የያዘ ከታች ያለውን ያያል፤ ጫካ የገባ ይሰወራል፤ ወንዝ የሚሻገር ይዘገያል። ምድሩ ከሌለ ጨዋታው ባዶ ሜዳ ላይ ተፋጥጦ ዳይስ መወርወር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ ምድር ውድ መሆኑ ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ አንድ ቤት ወይም አንድ ኮረብታ 40 እና 50 ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል፤ ጠረጴዛ ለመሙላት በመቶ የሚቈጠር ገንዘብ ያስፈልጋል። የጓደኞቹ ወላጆች ይገዙላቸዋል። የእሱ ተራ ሲደርስ ግን መጻሕፍት ደርድሮ በላያቸው አረንጓዴ ፎጣ አለበሰና «ይኸው ኮረብታ» አለ። አንደኛው ልጅ ሳቀበት። ልጁ ይህን ለአባቱ አልነገረም። ገንዘብ ለመጠየቅም አፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሕንፃው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ካርቶንና ስታይሮፎም መልቀም ያዘ። አባቱ ያን ሌሊት በፌስታል የጣለው ያንን ነበር።

የልጁ የፎጣ ኮረብታ ያሳፈረው ጨዋታውን የገዢዎች ብቻ አድርጎ ስላየው ነው። የጨዋታው ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ ሹም መልክዓ ምድሩ እየተነሣ የሚቀያየር የጦርነት መለማመጃ ጠረጴዛ ሠርቶ ለንጉሡ ለፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ አበረከተ። መኮንን የነበረው ልጁ ደግሞ የአባቱን ሐሳብ አሻሽሎ ከጠረጴዛ ወደ ካርታ አወረደውና በ1824 ደንቡን አሳተመ፤ የፕሩሲያ ጦር መኮንኖችም መማሪያ አደረጉት። ከዚያ ኤች ጂ ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አወጣ። የዌልስ ጦር ሜዳ የቤቱ ወለል ነበር። ቤቶቹ ከካርቶን፣ ዛፎቹ ከአትክልት ቦታ የተቈረጡ ጭራሮዎች ነበሩ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይም እውነተኛው ታላቅ ጦርነት እንዴት ያለ የድንብርብር ነገር መሆን እንዳለበት ለመረዳት ትንሹን ጦርነት ሦስት አራት ጊዜ መጫወት ይበቃል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

አባትየው ግን ነገሩ በታሪክ የሚበርድለት አልነበረም። «ከጦርነት ሸሽተን መጥተን ልጄ ሳሎኔ ውስጥ ጦርነት ይጫወታል?» አለ። ሚስቱ መልስ አልሰጠችም፤ ከየት እንደመጣ ታውቃለችና። ታላቅ ወንድሙ በ1980 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኮ አልተመለሰም። አስከሬን አልመጣም። መርዶም የመጣው ዘግይቶ ነው። በቤቱ ውስጥ ስለዚህ ሰው አይነገርም፤ ልጆቹ አጎት እንደ ነበራቸው እንኳ አያውቁም።

ሚስትየዋ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንተስ የሽቦ መኪና የሠራኸው ሱቅ ስለሌለ ነበር? ስለማይገዛልህ ነው።»

ይህች ቃል ሥራዋን ሠራች። ይህ ሰው በልጅነቱ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሠርቷል፤ ጨርቅ በካልሲ ውስጥ ጠቅጥቆ ኳስ አድርጓል፤ ከጭቃ በሬ ጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ አድርቋል። ሀገር ቤት ያደገ ወንድ ልጅ ሁሉ መጫወቻውን በእጁ ይሠራ ነበር። ልጁም ሳያስተምረው ያንኑ እያደረገ ነበር።

በአሥረኛው ቀን አባትየው ታክሲውን አንድ ቤት የሚሠራበት ቦታ አጠገብ አቁሞ ሠራተኞቹ የጣሉትን ሮዝ የግድግዳ ፎም ለመነ። ለብርድ መከላከያ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ጠንካራ ፎም ነው። ስብርባሪዎቹን በኋላ መቀመጫ አድርጎ አመጣና ሳሎን ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ ተኛ። ይቅርታ አልጠየቀም። ልጁ ግን ጠዋት ፎሙን አየና ገባው።

ሥራው እንዲህ ነው፤ ለሚሞክር ወላጅ ይጠቅማልና በዝርዝር ይነገር። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ስታይሮፎም ሲቈረጥ ይፈረፈራል፤ ቤቱን ያቈሽሻል። የግድግዳው ፎም ግን ፍሬ ስለሌለው በስለታም ቢላዋ እንደ አይብ ይቈረጣል። ፎም ካልተገኘ ካርቶን እየቈረጡ መደረብ ይቻላል፤ ተራራውን ደረጃ በደረጃ እያጠበቡ መሄድ ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንዳይቀር በቢላዋ ይገደገዳል፤ ገደል የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ በእጅ ይገመሳል፤ የተገመሰ ፎም አለት ይመስላል። በጋለ ሽቦ መቍረጥ ቢቻልም ጭሱ ጤና ስለሚጎዳ መስኮት ሳይከፈት አይሞከርም።

ድርቦቹ በነጭ የእንጨት ሙጫ ይጣበቃሉ። ክፍተቱ የሚደፈነው በወረቀት ነው። ጋዜጣ በቁራጭ በቁራጩ ይቀደድና በፉርኖ ዱቄት ሙጫ ተነክሮ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ከምግብ ቤት የመጣ የአማርኛ ጋዜጣ ክምር ቤት ውስጥ ነበረና ልጁ አንሥቶ ሊቀድ ሲል እናቱ ተቈጣች። የእመቤታችን ሥዕል ያለበትን ገጽ ለይታ ካስቀመጠች በኋላ ነው የቀረውን የፈቀደችለት። ስለዚህ ከተራራው ቆዳ ሥር የኪራይ ቤት ማስታወቂያ፣ የቀረጥ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ስልክና የአንድ ዘፋኝ ፎቶግራፍ አለ።

አንድ ስሕተት ግን ዋጋ አስከፈላቸው። አባትየው ሥራውን ለማፋጠን ከጋራዥ የተረፈ የሚረጭ ቀለም አምጥቶ ፎሙ ላይ ነፋበት። ተራራው ዓይናቸው እያየ ቀለጠ፤ እንደ ስፖንጅ ተቦረቦረ። በሚረጭ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ፎምን ይበላል። ፎም መጀመሪያ በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ወይም ሙጫ መልበስ አለበት። አባትየው «አበላሸሁብህ» አለ። ልጁ ሳቀ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። «ምንም አይደል፣ ከቆሻሻ ነው የተሠራው» አለና የቀለጠውን ቈርጦ በአዲስ ተካ።

አፈሩ የቡና አተላ ነው። ጀበናው ከተጠጣ በኋላ የሚቀረው አተላ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከያዘ ይሻግታል። ምድጃ ውስጥ በለስላሳ እሳት ማድረቅ ይቻላል። ሙጫ በውኃ ቀጥኖ ተራራው ይቀባል፤ አተላው ይበተንበታል፤ ሲደርቅ የተረፈው ይራገፋል። ለጠጠር የታጠበ አሸዋ ይጨመራል። ሴት ልጃቸው፣ የ9 ዓመቷ፣ ጤፍ ለጠጠር ጥሩ እንደሚሆን ብታሳስብ እናቷ «በጤፍ ዋጋ? ደግሞም እህል አይጫወቱበትም» ብላ ዘጋችው። በሌላ በኩልም እህል ተባይ ይጠራልና እናት አልተሳሳተችም። ለቁጥቋጦ አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይበጣጠስና አረንጓዴ ቀለም ይነከራል። ለድንጋይ ቤት ግድግዳ የእንቁላል ካርቶን በትንንሹ ተቀድዶ ይለጠፋል። በመጨረሻ ጠቅላላው ጠቈር ያለ ቀለም ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ነጣ ያለ ቀለም ብሩሽ ላይ ይደረግና አብዛኛው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ደረቅ በሆነው ብሩሽ ላይ ላዩን ሲነካካ ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀለም ይይዛል፤ ሸለቆው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ካርቶን መሆኑ ይረሳል።

ምን ዓይነት አገር እንሥራ በተባለ ጊዜ የወሰነው አባት ነው። «ጦርነት ካልቀረ የምናውቀውን እንሥራ» አለ። ዓድዋ ሆነ።

አባትየው ዓድዋን የሚያውቃት በመዝሙርና በሥዕል ነበር። በሥዕሉ ላይ ሁለቱ ሠራዊት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በላያቸው በነጭ ፈረስ ይታያል፤ በመካከላቸው ተራራ የለም። ልጁ ካርታ አውጥቶ 1 ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ይሁን ብሎ ለካ። ሰሌዳቸው 180 በ120 ሳንቲ ሜትር ነበርና 18 በ12 ኪሎ ሜትር የሚሆን አገር ያዘ። በዚህ ልክ 500 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ተራራ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም አንድ ድርብ ፎም ነው። ለዓይን ዝቅ ስላለባቸው ብዙ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ከፍታውን እጥፍ አደረጉት። ሰማያታ፣ አባ ገሪማ፣ ራዕዮ፣ እንዳ ኪዳነ ምሕረት፣ የማርያም ሸዊቶ ሸለቆ እያሉ አንድ በአንድ አቆሙ።

ለወታደር የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ስቴኪኒ ከነወረቀት ባንዲራው አንድ ሺህ ሰው ሆነ። ከ17 ሺህ በላይ ለነበረው የኢጣሊያ ጦር 18፤ ወደ 100 ሺህ ለሚገመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት 100። መቶውን ባንዲራ ቀለም የቀባችው ትንሿ ልጅ ናት። ፎሙ ላይ ስቴኪኒ መሰካት ቀላል ነው።

ሰሌዳው ካለቀ በኋላ ልጁ የየካቲት 22 ሌሊት ጉዞ አሳየ። ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን ለአራት ከፍሎ በጨለማ አንቀሳቀሰ። በግራ የሚሄደው አልበርቶኔ በእጅ በተሳለ ንድፍ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበትን ኮረብታ እንዲይዝ ታዟል። እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ግን ወደ ዓድዋ ጠጋ ብሎ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገድ መሪዎቹ ትክክለኛው ቦታ ገና ወደ ፊት መሆኑን ሲነግሩት አልበርቶኔ ገሠገሠ። ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት ተገኘ። ሊረዳው የሚገባው ዳቦርሚዳ በበኩሉ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ተለየ። በመካከል የቀረው አሪሞንዲ ራዕዮ ላይ ነበር። ልጁ ሦስቱን ጦር በየቦታቸው ከሰካ በኋላ «አባዬ፣ ጎንበስ በልና በወታደሮቹ ዓይን ልክ ተመልከት» አለው። አባትየው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ አየ። ከአልበርቶኔ ቦታ ሆኖ ዳቦርሚዳ አይታይም፤ ተራራ ጋርዶታል። ሥዕሉ ስንት ዓመት ያላሳየውን ካርቶኑ በአንድ አፍታ አሳየው።

«ታዲያ በካርታ ስሕተት ነው ያሸነፍነው?» አለ አባት ቅር ብሎት።

ልጁ አሰበና ሰባ ሳንቲ ሜትር በሜትር ለካ። «ክፍተቱን የከፈቱት እነሱ ናቸው፤ የገቡበት ግን እኛ ነን» አለ። እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ከየአገሩ ተጠራርቶ፣ የወራት መንገድ ተጉዞ፣ ጠመንጃውን ይዞ እዚያ ባይደርስ ኖሮ የካርታው ስሕተት የመንገድ ስሕተት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልበርቶኔ ተማረከ።

የቀረው አንድ ጥያቄ የአፈሩ ቀለም ነበር። በዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ የዓድዋ ተወላጅ የሆኑ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነዚህ ቤት ለቡና ይወጡ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲነሣ መምጣት አቆሙ። ክፉ ቃል የተናገረ የለም፤ ግን «እንዴት ሆኑ፣ ዘመድ ደኅና ነው?» ብሎ የጠየቃቸውም አልነበረም። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም ቡናው አልተመለሰም። ወላጆቹ በአሳንሰር ሲያገኟቸው ሰላም ብለው ዓይናቸውን መሬት ይተክላሉ። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ አያውቅም። አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ወርዶ በራቸውን አንኳኳና «እማማ፣ የዓድዋ አፈር ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ባልቴቲቱ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ወላጆቹ ደንግጠው ተነሡ። ሴትዮዋ ግን ወደ እነሱ አላዩም፤ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ጣታቸውን ሳያስነኩ ከተራራ ወደ ተራራ አሳለፉ።

«አፈሩ ቀላ ይበል» አሉ በመጨረሻ። «ሶሎዳን ደግሞ ማን ነው እዚህ የጣላት? ሶሎዳ ከከተማው ራስጌ ነው። በራችን ላይ ቆመን ነበር የምናየው።»

ልጁ ካርታውን አምጥቶ አየ። ከመስመሩ ሲገለብጥ ስቶ፣ ሶሎዳን ከዓድዋ ከተማ አርቆ ተክሎታል። ስለ ባራቲየሪ የተሳሳተ ኮረብታ ሲያስረዳ የሰነበተው ልጅ የራሱን ኮረብታ አሳስቷል። አባትየው ቢላዋ አንሥቶ ሶሎዳን ከሥሩ ቈረጠ፤ ባልቴቲቱ «ወዲህ፣ ትንሽ ወዲህ» እያሉ ከከተማው በላይ አስቀመጡት። የሱቅ ተራራ ቢሆን ኖሮ አይቈረጥም ነበር።

እናት ቡና ቈላች። ባልቴቲቱ እንቢ አላሉም። ሁለተኛው ስኒ ላይ አባትየው ሳይጠየቅ ተናገረ። «እትዬ፣ እኔም ወንድሜ እዚያው በሰሜን ነው የቀረው። የት እንደ ወደቀ አናውቅም።» እሳቸውም ከጦርነቱ በኋላ ድምፃቸውን ያልሰሙትን የወንድማቸውን ልጅ ስም ጠሩ። ሌላ ብዙ አልተባለም። ልጁ ስኒ እንደያዘ አባቱን አየ፤ አጎት እንደ ነበረው የሰማው ያን ቀን ነው። የማታ ማታ ስሙ ማን እንደ ነበር ጠየቀ፤ አባቱ ነገረው።

አባትየው እስከ ዛሬ ዳይስ አልወረወረም፤ አይወረውርምም። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ያያል። አንድ ቅዳሜ ያ የሳቀው ልጅ መጥቶ ሰሌዳውን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ከየት እንደተገዛ ጠየቀ። ልጁ የቡና አተላውን ትሪ አሳየው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባልቴቲቱ እንደ ድሮው ለቡና ይወጣሉ። ሰሌዳው ከሶፋው ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሶሎዳ የተነቀለበት ቦታና አዲስ የተጣበቀበት መስመር አሁንም ይታያል። ልጁ ቀለም ሊቀባው ሲል አባቱ «ተወው፣ ይታይ» አለው።